ዳገት የሌለው መንገድ

ነገ በሦስት ሰዓት
ቬንደሊን ይመጣል፤ ዘጠና አንድ ነው ዓመቱ፣
አንዱ ጉልበቱ ብረት፣ ሌላው የዱሮው፣ የእናቱ።
እኔም ካርታ ዘረጋሁ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፤
ለካርታ ሁሉም ሜዳ ነው፣ አረንጓዴ የበዛ።

ፖትስዳም፣ ሳንሱሲ፣ የንጉሡ አትክልት፣
በፈረንሳይ አፍ ስሙ «ያለ ጭንቀት» ማለት፤
እኔ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንቅልፍ ያጣሁለት።
የወይኑን እርከን ሽቅብ፣ መቶ ሠላሳ ሁለት ደረጃ፣
ሰረዝኩት በቀይ እርሳስ፤ ጉልበት አይሻም ማስረጃ።

ትልቁ ጎዳና ደግሞ፣ ቀጥ ያለው እንደ ክር፣
ሲያዩት ተደርሷል፤ ሲሄዱት ግን ሁለት ኪሎ ሜትር።
መጨረሻው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት አንድ ስንዝር ያክላል፤
ግማሽ ሰዓት ተራምደህም ያው አንድ ስንዝር ይሆናል።
ለሠረገላ የታሰበ ነው፣ ለሰው እግር አይደለም፤
ቀጥ ያለ ሁሉ እውነት ነው ያለኝ ሰው፣ በዚህ ሄዶ አያውቅም።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከእጀታ ነው፤
በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ የእርጥብ አፈር ጋሪ ስገፋው።
ዓይን የሳተውን ዳገት ጋሪ ያያል፤ ክንድ ይሰማዋል፤
ከቻይና ቤቱ ጀርባ ሜዳ የሚመስለው ይወጣል፤
እሱንም በቀይ ዘጋሁት። ሰበብ መች ይጠፋል!

ቬንደሊን ያኔ አለቃዬ፣ በፉጨት የሚያዝ፣ የሚቆጣ፣
ጠጠሩን አበጥሬ ሳልጨርስ ከአጥሩ ጀርባ የሚመጣ።
«ወደ ኋላ እየሄድሽ አበጥሪ፤ ዱካሽ ታይቷል» ይለኛል፤
አርባ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ዛሬም ጫማዬ ያፍራል።

እንግዲህ ዕቅዱ፦
በአረንጓዴው በር መግባት። በስተግራ ሰማንያ እርምጃ
(የኔን ሳይሆን የሱን፤ የሱ አጭር ነው፣ ባለፈው ገና ቆጥሬአለሁ)።
አግዳሚ፣ መደገፊያ ያለው። ቀጥሎ የዛፍ ጥላ።
ሐውልቶቹ ከብርድ ወራት ሣጥናቸው ወጥተዋል፤
ራቁታቸውን ሲያይ ይስቃል።
ድልድዩ ጋ ኮብልስቶን፦ ክንዱን መያዝ፣ እንደያዝኩት ሳይታወቀው።
ሽንት ቤት፦ ዝርዝር ሳንቲም።
የንጉሡ መቃብር፦ ላይኛው እርከን ላይ ነው፤ ይቅር።
ሰዎች ድንች ያኖሩበታል፣ ድንቹን ያስለመደን እሱ ነው ብለው።
አንድ ድንች በኪሴ እይዛለሁ፤ ከታች ሆነን እናሳየዋለን።

ማታ ስልክ ደወለ። አነበብኩለት፣ ከበር እስከ አግዳሚ፤
ዝም ብሎ አደመጠኝ፣ ያ ሰው፣ መቼ ነበር ሰሚ!
«ደህና ነው» አለ፤ «ለሽማግሌ ይሆናል።
ግን ያቺ ጠማማ ሊንደን የት ገባች? ማንስ ያያታል?»

«የቷ?» አልኩ። አውቄ ነው። ከቻይና ቤቱ ጀርባ፣
የተከልኳት ችግኝ ናት፣ ገመድ ሳልወጥር፣ በጥድፊያ፣ ብርዱ ሊገባ።
«ትነቀል» ብሎ ፈርዶባት፣ ቆሜ ሳላይ ስትነቀል፣
ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ አላልፍም፣ እንዳላይ ባዶውን መደብ፣ ያንን በደል።

«አልነቀልኳትም» አለ። ሳለ። ደግሞ ዝምታ።
«ከመስመር ወጥታለች። ግን ገዝፋለች፤
ንብ ይጮህባታል ከጠዋት እስከ ማታ።»
«ዳገቱስ?» አልኩ፤ «ጉልበትህስ?»
«ጋሪ አምጪ» አለ፤ «መግፋቱን ታውቂያለሽ።
ዘንድሮ አፈሩ እኔ ነኝ፤ ቀስ ብለሽ።»

ቀዩን መስመር በላጲስ ፋቅሁት፤ ወረቀቱ ሳሳ።
ከቻይና ቤቱ ጀርባ፦ መግፋት፣ ሁለቴ ማረፍ።
ዊልቸር፦ ከጎረቤቴ ከሮስቪታ፤ ጎማው ይነፋ።
ጠጠሩ ላይ ዱካዬ ይታያል። ይታይ።
ድንቹን እንዳልረሳ።